ከሆቴሎቹ ጓሮ እስከ ላጋው

ባለፈው ቅዳሜ ጧት አራት ሆነን ከካኩማ አንድ ተነሣን። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ የምንጥለው ቆሻሻ በየት አድርጎ የት እንደሚደርስ ተከትለን ለማየት ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኛ ግን እዚህ ስንት ዓመት ኖረን በዚያ መንገድ ዓይናችንን ከፍተን ሄደን አናውቅም።

እንግዳ ሰው ካኩማ ሲመጣ ምሳ የሚጋበዘው እኛ ሰፈር ነው። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ በቆርቆሮና በዘይት ጣሳ እየቀጣጠልን የሠራናቸው እንጀራ ቤቶችና ቡና ቤቶች ከእኛ አልፎ የሱዳኑም የሶማሌውም የኮንጎውም መዋያ ሆነዋል። በዚህ እንኮራለን፤ ልክም ነን። ከጓሮ በኩል ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ አመድ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተቀደደ የራሽን ጆንያ፣ ሁሉም በዕጣቢ ውኃ ርሶ አንድ ላይ ተከምሯል።

የአንዷን ሆቴል ባለቤት፣ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ መጨረሻው የት ነው?» አልናቸው።

«ወደ ታች እናስደፋዋለን፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ይወስደዋል።»

«ወዴት ነው የሚወስደው?»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «ኑ እስቲ ግቡ፣ ቡና ጠጡ» አሉን። ጠጣን። ስንጠጣም በአንድ እጃችን ዝንብ እያባረርን ነበር። በዚህ ሙቀት ዝንብ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ ለማውጣት ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ይበቃታል። ስለዚህ የምግብ ትርፍራፊ ቶሎ ቶሎ ቢነሣ ወይም አፈር ቢለብስ አብዛኛው ትል ሳይበርር ይቀር ነበር። እኛ ግን ዝናብ እንጠብቃለን፤ ቱርካና ላይ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

የልጆቻችንን ዓይን የሚያጠፋው የትራኮማ ዝንብ ከዚህኛው ይለያል። እሱ የሚራባው በየሜዳው በሚጣል የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው። «የሕፃን ስለሆነ ምንም አይደል» ብለን ከቤት ጀርባ የምንጥለውም እዚያው ውስጥ አለ።

ከሆቴሎቹ ወጥተን በብሎኮቹ መካከል ወረድን። አንድ ቦታ ሰዎች የቆሻሻ ክምር እያቃጠሉ ነበር። ፌስታልና ጠርሙስ አብሮ ሲነድ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ጉሮሮ ይይዛል፤ ነፋሱም በቀጥታ ወደ ቤቶቹ ነበር የሚነዳው። አንዲት እናት አስም ያለበትን ልጇን አቅፋ በር ዘግታ ተቀምጣለች። ከክምሩ ዳር ደግሞ ሦስት ልጆች የሚሸጥ ብረት ይለቅማሉ፤ አንደኛው ባዶ እግሩን ነው። ቆርቆሮ የቆረጠውን ተረከዙን በጨርቅ አስሮታል። የቴታነስ መርፌ ተወግቶ እንደሆነ ጠየቅነው፤ ሳቀብን። አብረን ወደ ክሊኒክ እንሂድ ብንለው ሮጠ።

የተጣለ ጎማና የተቆረጠ ጄሪካንም አየን። በእነዚህ ውስጥ በሚቋጥር ውኃ የምትራባው ትንኝ የዴንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ናት። የወባዋ ትንኝ ግን መሬት ላይ የተኛ ውኃ ትወዳለች፤ ቦዩ በፌስታል ተደፍኖ ውኃ ሲተኛ ለእሷም ተመቻት ማለት ነው።

እዚህ ጋ ቆም ብለን ያወራነው ስለ 2005 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ዓመት ካምፓችን ውስጥ ኮሌራ ገብቶ 418 ሰዎች ታክመዋል፤ አራቱ ሞተዋል። በኋላ በተደረገው ጥናት፣ ሽንት ቤት ከሦስትና ከዚያ በላይ ቤተሰብ ጋር የሚጋሩ ሰዎች ይበልጥ ታመው ተገኙ። የሚጠጡትን ውኃ በተከደነ ዕቃ ያስቀመጡት ደግሞ በሽታው ያነሰባቸው ነበሩ። ክዳን ማለት ይኼው ነው፤ የጄሪካን ክዳን ጠፍቶብን በጨርቅ የምንወትፍ ስንት ነን? ተቅማጥ ሲጀምር ደግሞ ወደ ክሊኒክ እስኪደረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው (ማንኪያው ሳይቆለል) በጥብጦ ማጠጣት ነፍስ ያተርፋል።

ላጋው ዘንድ ስንደርስ ፀሐዩ በርትቷል። ታራች ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ቱርካናዎች አሸዋውን ቆፍረው ውኃ የሚቀዱበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ጉድጓድ ውስጥ ወርዳ በጣሳ እየጨለፈች ጄሪካን ትሞላለች። ከእሷ ጥቂት እርምጃ ላይ የእኛ ቆሻሻ አለ። የእኛ መሆኑን ለማወቅ ብዙ አላስቸገረንም፤ የበርበሬ ከረጢት ላይ የተጻፈው አማርኛ ነው።

ስዋሂሊ የሚችለው ጓደኛችን «ማማ» ብሎ ሰላም አላት። ቁጣ ጠብቀን ነበር፤ አልተቆጣችም። ባለፈው ወር አንድ ፍየሏ ሆዷ ተነፍቶ መብላት አቁማ ብታርዳት፣ ከሆዷ በቡጢ የሚያህል የተጠቀለለ ፌስታል እንደወጣ ነገረችን። ኬንያ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እሥራት ነው። አሸዋው ውስጥ የተቀበረውን የድሮውን ግን ሕጉ አያወጣውም፤ አዲሱም ቢሆን ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ገበያችን ውስጥ አይጠፋም።

አፍረን ዝም ስንል እሷው ቀጠለች። ፍየሎቹ ወደ ቆሻሻው የሚሄዱት ጎመኑ ሸቷቸው ነው፤ ቅጠሉን ለብቻ፣ ያለ ፌስታል ብትሰጡኝ እኔው እየመጣሁ እወስደዋለሁ አለች።

ማታ ይህንን ለሆቴል ባለቤቶች ስናወራ ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ «ቆሻሻ ማንሣት የእኛ ሥራ ነው እንዴ? በጀት ያለው ቢሮ ይሥራው» አለ። ውሸት አይደለም። ስፊር የሚባለው የዕርዳታ ድርጅቶች መመሪያ በ2004 (እ.ኤ.አ.) እትሙ፣ ከማንም ቤት እስከ ጋራ ቆሻሻ ጉድጓድ ያለው ርቀት ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ቆሻሻ በየግቢው በማይቀበርበት ቦታም ለዐሥር ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ባለ 100 ሊትር ማጠራቀሚያ እንዲኖር ይላል። በእኛ ብሎክ ግን ማጠራቀሚያው የለም፤ ጉድጓዱም ከመቶ ሜትር በጣም ይርቃል፣ እሱም ሞልቷል። ይህንን በጽሑፍ አድርገን ለሚመለከታቸው ልናቀርብ የብሎክ ተጠሪዎችን አነጋግረናል። ቢሆንም የበርበሬውን ከረጢት ላጋው ውስጥ የጣለው ቢሮ አይደለም።

ክርክሩ ሳያልቅ ተበተንን። ሰኞ ጧት ግን ቡና የጋበዙን እትዬ በራቸው ላይ ሁለት ጆንያ አቁመው አገኘናቸው፤ በአንዱ ቅጠልና ልጣጭ ብቻ፣ በሌላው ፌስታልና ጠርሙስ። አራት ሰዓት አካባቢ ሴትዮዋ መጥታ የቅጠሉን ጆንያ በራሷ ተሸክማ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህም በየሁለት ቀኑ ትመጣለች። የፌስታሉ ጆንያ ግን የሚወስደው አጥቶ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ቀን ድረስ እዚያው ደጅ ላይ ቆሟል። እትዬም ባለፍን ቁጥር፣ «እናንተ ልጆች፣ ይሄንንስ ወዴት ልታደርጉት ነው?» ይሉናል።