ከምጣዱ በፊት

እማዬ «ስኳር አለብሽ» የተባለችው ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ነው። ከሐኪም ቤት ስትመለስ ክኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ «የሚበላ» እና «የማይበላ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። በሚበላው በኩል ቡናማ ሩዝ፣ ብሮኮሊ፣ ያልተጠበሰ ዓሣ። በላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ብሮኮሊ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው እስካሁን አላየሁም። በማይበላው በኩል ደግሞ ኬክ፣ ማርማላታ፣ ለስላሳ መጠጥ። የላስታ ገበሬ ልጅ ማርማላታ ይቅርብሽ ስትባል ምን ትበል? እሷ ከሻይዋ በቀር ስኳር የምታገኘው ከእንጀራው ነበር፤ ስለ እንጀራ ግን ወረቀቱ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «በመጠኑ»።

መጠኑን ማን ይለካው? አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል፤ በዚያ ላይ ጉርሻ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ለብቻዋ በትንሽ ሰሃን አቀረብንላት። አየችውና «በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ እንዴ?» ብላ መለሰችው። በረሃብ አኩርፋ ዋለች፤ ማታ ተደብቃ ቂጣ በላች።

መላው የተገኘው ከሐኪሙም ከመጽሐፍም አይደለም። እንጀራውን ከሥር ማንጠፍ ተውን። ጎመኑን፣ ምስሩንና አዚፋውን በባዶው ትሪ ላይ አብዝተን አደረግንና እንጀራውን ጠቅልለን ለእያንዳንዱ ሰው ፊቱ አስቀመጥን። የእማዬ ጥቅል የሌላው ግማሽ ነው፤ ግን ጥቅል ጥቅል ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እሷም አላኮረፈችም። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ስለ አቀራረብ ሲያስብ የሚታየው የቲማቲም ጽጌረዳ ነው፤ እኛን ያስቸገረን ግን በሽተኛን ከገበታ ሳይነጥሉ መመገብ ነበር።

የሚገርመው፣ በጾም እማዬን የሚያስቸግር ነገር የለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ይህ ሁሉ ክልከላ ነው፤ ግን ማንም እንደ ተከለከለ ሰው አይበላም። ጾም የራሱ ምግብ አለውና። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ሲብላላ ስልጆ ይሆናል። ስልጆ የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም። የተልባ ፍትፍትም፣ የሽምብራ ዓሣም እንደዚያው። እናቶቻችን ቅቤውን ቀንሰው የቀረውን አላቀረቡልንም፤ ሌላ ወጥ ፈጠሩ። ለስኳርና ለደም ግፊት ግን እስካሁን ያለን «ይህን ቀንሺ፣ ያን ተዪ» ብቻ ነው።

የነፍስ አባቷ ሁሉንም ጾም ሊያስተዋት ፈልገው ነበር። «አባቴ፣ ጾሜንማ አይንኩብኝ» አለቻቸው። በመጨረሻ በመሃል ተገናኙ፦ ክኒኗን ስለምትወስድ በጠዋት እህል ትቅመስ፣ ከፍስኩ ግን ትከልከል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለእሷ ብቻ ጎመንና ባቄላ ይሠራል።

እንዲህ ሆነን ሳለ ጦርነቱ መጣ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ከተማችን ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። ስለዚያ ወራት የምጽፈው ብዙ ነው፤ እዚህ የማነሣው ወፍጮውን ብቻ። የመብራት ወፍጮዎቹ ቆሙ፤ የናፍጣውም የሚሠራው ናፍጣ የተገኘ ቀን ነው። ከገጠር ሸሽታ እኛ ቤት የገባችው አክስቴ ጓሮ ተጥሎ የነበረውን የድንጋይ ወፍጮ አጥባ፣ መጁን ይዛ ተንበረከከች። ጤፉን ለብቻ፣ ገብሱን ለብቻ ፈጨች። እኛ ልጆቹ እጃችን እስኪላጥ ተፈራረቅን፤ እሷ ግን እየዘፈነች ነው የምትፈጨው።

ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ተመልሳ፣ ገና ሲደርስ ወንድሜ ከሆላንድ መጣ። በወልዲያ በጋሸና አድርገው፣ ከሚስቱና ከትንሽ ልጃቸው ጋር አቧራ ለብሰው ገቡ። ልጅቷ ሴሊያክ የሚሉት አለባት፤ ከስንዴና ከገብስ ዘር ጥቂትም ቢሆን ከገባባት አንጀቷ ይቆጣል። ላስታ ደግሞ የገብስ አገር ነው። ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ እንጀራችንም ጤፍ ሲወደድ በገብስ የተቀየጠ። የገና መንገደኛ በየዳገቱ ድንኳኑን ተክሎ፣ ያገሬው ሰው እግሩን እያጠበ ሲያስተናግደው ከስልቻው የሚወጣው ስንቅ ያው በሶ ነው።

የወንድሜ ሚስት ሻንጣዋን ስትከፍት በፕላስቲክ የታሸገ የጤፍ ዱቄት አወጣች። እዚያው ሆላንድ የበቀለ! እማዬ «ጤፍ ወደ ላስታ ይጫናል?» ብላ ሳቋ አላቆም አለ። ወንድሜ ነገሩን ሲያስረዳት እኔም ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች ጤፍ ሴሊያክ ያለባቸውን ሰዎች የሚጎዳው ግሉተን እንደሌለበት በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ፤ በዚያው ዘመን አንድ የሆላንድ ድርጅት የጤፍ ዱቄትን በፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ አደረገው። እማዬ ከዚህ ሁሉ የያዘችው «የኛን ጤፍ ሊቀሙን ነበር» የሚለውን ነው።

«እንግዲያው ችግር የለም፤ ነጭ ጤፍ አለን» አልን። አክስቴ ግን ከማእድ ቤት ብቅ ብላ «እርሾውስ?» አለች።

ዝም ተባለ። እርሾው ካለፈው ቡኮ የተቀዳ ነው፤ ያለፈው ቡኮ ገብስ አለበት። ቡሃቃውም እንዲሁ። ምጣዱ ላይ ስንት ጊዜ የገብስ ቂጣ ተጋግሯል። አክስቴ በሽታውን ከዚያን ቀን በፊት በስም እንኳ ሰምታው አታውቅም፤ ነገር ግን ዱቄት የት የት እንደሚደበቅ ታውቃለች። በድንጋዩ ወፍጮ ላይ አንድ እፍኝ ጤፍ አስቀድማ ፈጨችና ድንጋዩ እንዲጠራ ብላ ለዶሮ ጣለችው። ድንጋዩን ጠርጋ ቀጠለች። አዲስ ቡሃቃ ውስጥ ጤፉን በውኃ ብቻ አብኩታ ራሱ እንዲነሣ ተወችው፤ ቦክቶ እስኪነሣ ልጅቷ ድንችና ጎመን በላች። ከገበያ አዲስ ምጣድ አምጥተን በጎመን ዘር አሟሸችው። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አላወጣም፣ ከምጣዱም አልላቀቅ አለ። አብሲት ጥላበት ከጋገረችው በኋላ ግን ዓይኑ ግጥም አለ፤ ልጅቷ በባዶው ትበላው ጀመር።

በማግስቱ ጎረቤታችን ለእንግዶቹ ብላ በሳህን ሽሮ ይዛ መጣች። የወንድሜ ሚስት በትሕትና «እትዬ፣ ውስጡ ምን ምን አለበት?» አለቻት። ጎረቤታችን ቅር አላት፤ ሽሮዋን የተጠራጠሩባት መሰላት። አክስቴ ነገሩን አበረደችና ቀስ ብላ ታስቆጥራት ጀመር፦ ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቂት ጓያ። (ጓያ ስትል እማዬ ፊቷን አጠቆረች። በወሎ ደጋ በክፉ ቀን ጓያ ብቻውን እየበላ እግሩ የተሰበረ ሰው የማያውቅ ሽማግሌ የለም።) ስንዴም ገብስም የለበትም። ልጅቷ እጇን ልትሰድ ስትል አክስቴ አንድ ጥያቄ ጨመረች።

«ወፍጮ ቤት ከማን ቀጥለሽ ነው ያስፈጨሽው?»

«ናፍጣ የመጣ ቀን ነው እኮ፤ ሰዉ ሁሉ በሶውን ሲያስፈጭ...»

ሽሮውን እኛ በላነው። ግሩም ነበር።

እኔ እስከዚያን ቀን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ከድስት የሚጀምር ነገር ይመስለኝ ነበር። ያየኋቸው ሁሉ «ሽንኩርቱን ማቁላላት» ብለው ነው የሚነሡት፤ ሽሮም በርበሬም አንድ ቀላል ነገር ይመስል «3 የሾርባ ማንኪያ» ይባላል። የኛ አገር ምግብ ግን ግማሹ የሚያልቀው ከምጣዱ በፊት ነው፦ ገበያ ላይ፣ ሰፌድ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ እርሾ ውስጥ። ለጤነኛ ሰው ይህን መዝለል ጣዕም ያጓድል ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የተከለከለ ሰው ያለበት ቤት ግን ሊያውቅ የሚፈልገው ይህንኑ የተዘለለውን ነው። ቁጥር ከተባለም ቁጥሩ አለ፤ የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። በእማዬ ወረቀት ላይ ግን ግማሽ እንጀራ ከስንት ጭልፋ ምስር ጋር እንደሚሄድ የሚነግር መስመር አልነበረም። በዚያ ላይ ጨው የሚከለከል ሰው በየቤቱ አለ። ወጡ ውስጥ ጨው ከመግባቱ በፊት የእሱ ድርሻ መቼ እንደሚቀነስ፣ በጨው ፋንታ ጥቁር አዝሙድ ይብዛ ወይስ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ይህን የሚያውቁት ያገሬ ሴቶች ናቸው፤ የጻፈላቸው ግን የለም።

በገና ዕለት ልጅቷ በአባቷ ትከሻ ሆና በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ አየች። ከዚያ ዶሮው ቀረበ። ለጠላው የተዘጋጀው ብቅል ገብስ ስለሆነ ለእሷ ብርዝ ተበረዘላት፤ እማዬ ብርዙን በዓይኗ ብቻ ተከተለችው።

ሆላንድ ከተመለሱ በኋላ የወንድሜ ሚስት የእንጀራውን አሠራር ጽፌ እንድልክላት ጠየቀችኝ። አክስቴ እየነገረችኝ ጻፍኩት፤ ጤፍ ሲገዛ ምን ምን እንደሚታይ፣ ገብስ የተለቀመበት ሰፌድ ለምን እንደማይነካ፣ እርሾ ከባዶ እንዴት እንደሚነሣ። ምጣዱ ጋ ስንደርስ አራት ገጽ ሞልቶ ነበር። መብራትና ስልክ በተመለሰ ጊዜ ገጾቹን በስልክ አንሥቼ ላክሁላት። እንጀራው እንደተሳካላት ደውላ ነገረችኝና ትንሽ አመንትታ ቀጠለች።

«የላክሽልኝ በርበሬስ? እሱን የት ነው ያስፈጨሽው?»

ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋት።