አይጥ የበላው መጽሐፍ

መጽሐፉን ከቦርሳዬ ሳወጣው እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ! አይጥ በልቶብሻል» አለችኝ። ገጾቹ ላይ ያሉትን ክብ ክብ ቀዳዳዎች አይታ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ወላይታ ሶዶ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ የተበላሸ ዕቃ ተሸክሜ መምጣቴ አሳዘናት። በስንት እንደገዛሁት ስትጠይቀኝ ግማሹን ቀንሼ ነገርኳት፤ እሱም በዛባት።

«እማዬ፣ ቀዳዳው እኮ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» ብላትም አላመነችኝም። ደግሞ እኮ ብዙም አልተሳሳተችም። ኤሪክ ካርል ይህን መጽሐፍ ያሰበው ወረቀት በመብሻ እየበሳ ሲጫወት ነው። መጀመሪያ የመጣለትም መጽሐፍ የሚበላ ትል ነበር። ትሉን ወደ አባጨጓሬ የቀየረችው አርታኢው ናት። ቀዳዳውን በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሠራ ማተሚያ ቤት አሜሪካ ውስጥ ስለጠፋ ጃፓን ታተመና እንደ ፈረንጆቹ በ1969 ወጣ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ከእንቁላል የወጣ የተራበ አባጨጓሬ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ አንድ እየጨመረ ፍራፍሬ ይበላል፣ ቅዳሜ ያገኘውን ሁሉ ይበላና ሆዱን ይታመማል፣ እሑድ አንድ ቅጠል በልቶ ይሻለዋል። ከዚያ ቤቱን ሠርቶ ይተኛል። ሲነቃ ቢራቢሮ ነው።

እኔ ያወቅኩት አዲስ አበባ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት መምህርት ሆኜ ስሠራ ነው። እዚያ ያሉት ልጆች የቅዳሜው ገጽ ሲደርስ በጩኸት ክፍሉን ያፈርሱት ነበር። ኬክ! አይስክሬም! ከረሜላ! በዚያ ጩኸት መሀል ሁልጊዜ የሚታወሱኝ ሶዶ ያሉት የእህቴ ልጆች ነበሩ። የሁለተኛ ክፍሉ ልጅና አራት ዓመት የሞላት ታናሹ ቤታቸው ውስጥ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ በቀር ሥዕል ያለው መጽሐፍ ኖሯቸው አያውቅም። እነሱም እንደዚያ ሲጮኹ ማየት ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቤ ይኸው ብቻ ነበር።

ማታ ከእራት በኋላ ተቀመጥን። ልጁ «እኔ አነባለሁ» ብሎ ነጠቀኝ። እንግሊዝኛ ገና አይችልም፤ ግን ወላይትኛ የሚማረው በላቲን ፊደል ስለሆነ ፊደሎቹን በሙሉ ያውቃቸዋል። የሚያውቃቸው ግን በወላይትኛ ድምፃቸው ነው። ፖሙን ጣቱን አሳርፎበት «አፕሌ» አለ። ወላይትኛ ቃል በአናባቢ ስለሚያልቅ በጣም ያምርበታል፤ የሆነ የሰፈር ሰው ስም ይመስላል። ቅዳሜ ላይ ሲደርስ ደግሞ «ቾጮላቴ ጫኬ» ብሎ አነበበ። «ሲ» የምንላት ፊደል በወላይትኛ «ጭ» ናት፤ ልጁ አልተሳሳተም። እስካሁን ቸኮሌት ኬክ ባየሁ ቁጥር ቾጮላቴ ጫኬ እላለሁ።

እናቴ ከጎኑ ሆና ታየዋለች። እሷ ማንበብ የተማረችው በደርግ ዘመን፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረ ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲያስተምር አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ግን በእኛው ፊደል፣ በሀሁ። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቋንቋ እያወሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም። በመካከላቸው እኔ አለሁ፤ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ የመጣው የ«ወጋጎዳ» መጽሐፍ ከተማውን ሲያናውጥ፣ ሰውም ሲሞትበት፣ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። እኛ አገር የልጆች መጽሐፍ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም።

ችግሩ የመጣው ስሙ ላይ ነው። «አባጨጓሬ» ስል ትንሿ እጇን ሰበሰበች። አባጨጓሬ ፀጉሩ የሚለበልብ፣ ከነካሽ ሌሊቱን ስታኪ የምታድሪበት ፍጡር ነው እንጂ አረንጓዴና ቀይ ፊት ያለው ወዳጅ አይደለም። ልጁ ግን ሥዕሉን ጠጋ ብሎ አየና ፈረደ። «አባጨጓሬ አይደለም። ተምች ነው።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ይበላላ!»

ከዚያ ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ ትሉን ጨፈለቀው። እህቱም ጨፈለቀችው። በየገጹ እየጠበቁ ይጨፈልቁት ጀመር፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ።

በ2009 መጤው ተምች ኢትዮጵያ ሲገባ በቆሎ በያዘ አገር ሁሉ ሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ በእጁ ለቅሟል። እናቴም ለቅማለች። በስልክ «ዛሬ አንድ ጣሳ ሞላሁ» ትለኝ ነበር፣ ቡና የለቀመች ይመስል። ከዚያ ወዲህ ተምቹ ስላልሄደ ልጆቹም ከእሷ ኋላ እየሄዱ መልቀም ለምደዋል። እኔ እንግዲህ ያን ጠላት ነው ከአዲስ አበባ አስሬ በስጦታ ያመጣሁላቸው። ያውም እሱም ከአሜሪካ፣ መጽሐፉም ከአሜሪካ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። የጠበቅኩት ጩኸት ይኼ አልነበረማ። «ይኼኛው ጥሩ ነው፣ በኋላ ቢራቢሮ ይሆናል» ብዬ ላስታርቃቸው ሞከርኩ። ልጁ አሰበበትና «ተምችም ቢራቢሮ ይሆናል?» አለኝ። ምን ልበለው? ተምች አፈር ውስጥ ገብቶ ክንፍ አውጥቶ የሚወጣ የሌሊት በራሪ ይሆናል፤ እሱም ሄዶ ሌላ በቆሎ ላይ እንቁላል ይጥላል። ይህንኑ ነገርኩት። «አየሽ!» አለና ዓርብን ጨፈለቀ።

ቅዳሜ ላይ እናቴ ጣልቃ ገባች። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ እግሯን እያሸች ነበር። በወላይትኛ «ይኼን ሁሉ በአንድ ቀን በላው?» አለች። ኬኩን፣ አይብ፣ ሳላሚ፣ ሐብሐቡን አንድ በአንድ ነገርኳት። ግማሾቹን ምን እንደሆኑ ማስረዳት ነበረብኝ። «ከዚያስ?» ሆዱን አመመው አልኳት። «ያመዋላ። የተራበ ሆድ እንደዚያ አይሰጡትም። በትንሽ በትንሹ ነው።»

ይህን የተናገረችው ስለ ትሉ አይመስልም ነበር። እናቴ ሰባ ሰባትን በልጅነቷ ያለፈች ሴት ናት። ሰባ ሰባት ሲባል ሁሉም ሰው ወሎን ያስባል፤ ወላይታም ተርቧል። የእኛ አገር ረሃብ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ዳሞታ ተራራ ለምለም ሆኖ፣ ሣሩ በቅሎ፣ ጓሮው ቅጠል ሞልቶ ሰው ይራባል። ከመኪና መስኮት ለሚያይ አይታይም። በቤታችን ስለዚያ ዘመን ተወርቶ አያውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ልጁ ግን ጠየቀ። «እማማ፣ አንቺ ርቦሽ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ምን በላሽ?»

እንሰት አለች። ለመድረስ ዓመታት የሚፈልገውን እንሰት ገና ሳይደርስ አባቷ ነቀለው። ትልቁ ሲያልቅ መካከለኛውን፣ መካከለኛው ሲያልቅ ትንሹን። ሲነቅል ያለቅስ ነበር አለች፤ የሚነቅለው የከርሞውን ምግብ ነዋ። በመጨረሻ የዱር ቅጠል እየቀቀሉ በሉ። ይህን ሁሉ የምትነግራቸው ጣቷን እያጠፈች፣ ልክ እንደ መጽሐፉ፣ ትልቁን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ ቀጥሎ ትንሹን እየቆጠረች ነው። ልጆቹም እንደ ተረት ሰሟት። እኔ ብቻ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት።

ገጹን ገለጥኩ። እሑድ፤ አንድ አረንጓዴ ቅጠል። «ቅጠል በልቶ ተሻለው» አልኩ በቀስታ።

እናቴ ሳቀች፣ ከልቧ ሳቀች። «እኛም ቅጠል በልተናል፤ ቢራቢሮ ግን አልሆንንም» አለች።

ኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ ስለ ካርል ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። በ1929 አሜሪካ ተወልዶ በስድስት ዓመቱ ወላጆቹ ወደ ጀርመን ይዘውት ሄዱ። ልጅነቱ በጦርነቱ ውስጥ አለፈ፤ አባቱ ዘምቶ በሶቪየቶች እጅ ምርኮኛ ሆነ፤ ቤት ውስጥም የሚበላ አልነበረም። ያን ካነበብኩ በኋላ የቅዳሜው ገጽ የጠገበ ልጅ ጨዋታ ሆኖ አልታየኝም። የተራበ ልጅ ማታ ማታ በዓይነ ሕሊናው የሚደረድረው ዝርዝር ነው የመሰለኝ። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «እንደዚያ በይኛ! ዝርዝሩን ሳየው አውቄዋለሁ» አለች።

መጽሐፉ እዚያው ቀርቷል። ከወር በኋላ ስደውል እናቴ በየማታው በራሷ ወላይትኛ እየተረከችው ነው። በእሷ ተረት ትሉ በቆሎ ማሳ አይገባም፣ እንሰት አይነካም፤ ተከልክሏል። ማንጎ፣ ሙዝና አቮካዶ ይበላል። ቅዳሜ የጊፋታ ድግስ ላይ ይደርስና ሰው ዓመቱን ሙሉ ተጠራቅሞ ያረደውን ሥጋ፣ ቆጮውን፣ ቅቤውን፣ ዳጣውን ይጠርገዋል። ዳጣው ሲያቃጥለው ልጆቹ ይንከባለላሉ አለችኝ። ከስልኩ ጀርባ ጩኸታቸው ይሰማኝ ነበር።

«ቀዳዳዎቹንስ ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«አይጥ ነው አልኳቸዋ» አለች። «አይጡም ርቦት ነበር።»