ከድሩ አንድ ክር ቢጎድል

ነጠላ ወይም ጋቢ ስትገዙ በመጀመሪያ ምን ታያላችሁ? አብዛኞቻችን ሸማውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን፣ የሳሳ ወይም ክር የዘለለበት ቦታ እንዳለው እንመረምራለን። ካገኘንም ዋጋ እናስቀንሳለን፤ አለዚያም ለሻጩ መልሰን እንሄዳለን። እኔ ይህንኑ ሥራ እንጀራዬ አድርጌ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ስሠራ፣ ጣቃው በፊቴ እየተዘረጋ ሲያልፍ ድሩ የተበጠሰበትን ቦታ በጠመኔ አመለክት ነበር። ምልክት የበዛበት ጣቃ ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ዐይኔ ከልማዱ አልተላቀቀም፤ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችውን ሴት ነጠላ ሳላስበው መመርመር እጀምራለሁ።

ስለዚህም የጃፓናዊቷን ሸማኔ የወይዘሮ ሚሳኦ ጆን ታሪክ ባወቅሁ ጊዜ፣ ከሁሉ በፊት ቀልቤን የሳበው አንድ የፋብሪካ ባለቤት የሰጣቸው መልስ ነው።

ወይዘሮ ሚሳኦ የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ነው። ሽመና የጀመሩት ግን ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ዕድሜያቸው 57 ሲሆን ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የእኛ አገር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለጡረታዋ ቀን የምትቆጥርበት ዕድሜ ነው። እሳቸው በዚያ ዕድሜ ኦቢ ይሠሩ ጀመር። ኦቢ ማለት ጃፓናውያን ኪሞኖ በሚባለው ልብሳቸው ላይ የሚታጠቁት ሰፊ መቀነት ነው። አንድ ቀን ታዲያ ከድሩ አንድ ክር ጎድሎ ኖሮ፣ በጨርቁ ላይ ቀጭን መስመር ወጣ። እሳቸው መስመሩን ወደዱት። የሽመና ፋብሪካ ላለው ሰው ቢያሳዩት ግን እንከን ያለበት ነውና ዋጋ የለውም አላቸው።

እኔም በዚያ ወንበር ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ጠመኔዬን አነሳ ነበር። ፋብሪካ ሺህ ሜትር ጨርቅ አንድ ዓይነት አድርጎ ለማውጣት የተቋቋመ ነው፤ በእሱ ሕግ ሰውየው ትክክል ነው። ወይዘሮዋ ግን በፋብሪካ ሕግ ለመዳኘት እሺ አላሉም። ወደ ሥራቸው ተመልሰው፣ ክሮቹን ሆን ብለው ከድሩ እያጎደሉ ሠሩ። ይህንንም ኦሳካ ከተማ ለሚገኝ የኦቢ ነጋዴ ቢወስዱለት፣ አድንቆ ገዛቸው።

ከዚያ በኋላ መማር የሚፈልጉ ሰዎች ወደ እሳቸው ይመጡ ጀመር። ሥራውንም ሳኦሪ አሉት። ኦሪ በጃፓንኛ ሽመና ማለት ሲሆን፣ የስሙ መጀመሪያ ደግሞ እያንዳንዱ ነገር የየራሱ ክብር አለው ከሚል የዜን ትምህርት የተወሰደ ነው። በሳኦሪ የሚገለበጥ ናሙና የለም። ተማሪዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱን መርገጫ እያፈራረቀች፣ ቀለሙን እንደ ፈቀደች ትለውጣለች፤ ቁራጭ ጨርቅም ሆነ ያልተፈተለ ሱፍ በማጉ መካከል ብትጨምር የሚከለክላት የለም። ጠርዙ ቢጎብጥም አይፈታም። ከሚያስተምሩት አንዱ በመሣሪያና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት አስቡ የሚል ነው። ወይዘሮ ሚሳኦ በ2018 በ104 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ሥራቸው ከጃፓን አልፎ በብዙ አገሮች ተዳርሷል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሳኦሪ ጨርቆች አንዳንዱ ለእኔ ዐይን የተዝረከረከ ነው። ደግሞም የሽሮ ሜዳውን ሸማኔ አስቡት። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ከጧት እስከ ማታ መወርወሪያ የሚወረውረው የልጆቹን ቀለብ ለማግኘት ነው። ክር ጎድሎ ያማረ ነው ቢለን ማናችን እንገዛዋለን? ለእሱ ጉድለት ማለት የተቀነሰ ዋጋ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ለገበያ ከሚሠራው ሰው ላይ መጫን አግባብ አይመስለኝም።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሆኖ ኖሯል። እናቴ ዘመኗን ሁሉ እንዝርት ስታሾር ኖራለች። ልቃቂቷን ለሸማኔ ሰጥታ ሸማውን ትቀበላለች እንጂ፣ መወርወሪያ አንድ ቀን እንኳ በእጇ አልነካችም። ጥለቱ ምን ይሁን ስትባል እንኳ፣ ጎረቤት ያሠራችውን ዓይነት ትላለች። በ57 ዓመቷ ይህ የራሴ ነው የምትለውን ጨርቅ ሠርታ ብታየው ምን ይሰማት ነበር እያልኩ አስባለሁ።

በጃፓን የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በሳኦሪ የሚሠሩባቸው ቦታዎች አሉ። ይህን ስሰማ የታናሽ እኅቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኒ ስታነሳ ትሰብሪዋለሽ፣ ሽንኩርት ስትልጥ ተይው ስትባል ያደገች ናት። ሰፈራችን ያለው አናጢ የእንጨት ፍሬም ሠራልን፤ ላይና ታች ምስማር መትቶበታል። ድሩን እኔ ወጠርኩላት። ማጉ ግን ከየቤቱ የተለቃቀመ ነው፤ የተረፈ ሳባ፣ ከተቀደደ ሹራብ የተተረተረ ክር፣ የአሮጌ ቀሚስ ጥብጣብ። መሞከር የምትፈልጉ እናቶች ካላችሁ ከዚህ የበለጠ ወጪ የለበትም። ድሩ ግን ወፍራምና ጠንካራ ይሁን፤ ቀጭን ክር በየጊዜው እየተበጠሰ ልጅቱን ያበሳጫታል።

ቀዩን ሦስት ጣት ያህል ትሠራና በድንገት ታቆማለች። ባዶ ቦታ ትታ ሰማያዊውን ትጀምራለች። አንድ ቅዳሜ እኅቴ መጥታ ያንን ክፍት ቦታ በጣቷ ልትገፋና ልታስተካክለው እጇን ስትዘረጋ፣ ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘችና፣ «የኔ ነው» አለች። እኅቴ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስም አልወጣችም።

ጨርቁ አሁን ክንድ ተኩል ያህል ደርሷል። በቀኝ በኩል ሁለት ድር ተበጥሷል፤ አልቀጠልኩትም። እኅቴ ያንገት ልብስ ይወጣዋል ትላለች፤ የልጅቷ ወንድም ለእኔ ነው ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል። እሷ ግን ለማን እንደምትሰጠው ገና አልወሰነችም።