በዛብህ ይሙት ወይስ ይኑር?

በዚህ ዓመት እኛ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ለሦስት ሳምንት ያህል ስንጨቃጨቅ የከረምነው በአንድ ሰው ሞት ምክንያት ነው። ሰውየው የኖረው መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ ክርክሩ ግን ከክፍላችን አልፎ እቤታችን ድረስ ገብቶ ነበር።

መጽሐፉ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኛ ሀርጌሳ ውስጥ ያገኘነው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። አንድ ወላጅ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ይዘውልን የመጡት፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ክፍል አይበቃምና ተራ በተራ ጮክ ብለን እናነብ ነበር። አማርኛችን ሱማሊኛ የተቀላቀለበት ስለሆነ የጎጃም አነጋገር ሲመጣ እየተደናቀፍን፣ መምህራችን እያስረዱን፣ ሌላው እየሳቀ ነበር የተጓዝነው።

ላላነበበ ታሪኩን ባጭሩ እንናገር። በዛብህ የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውበታል። ተምሮ ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል፤ እዚያም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል። ይዋደዳሉ። ፊታውራሪ ግን በዘራቸው የሚኮሩ ሰው ናቸውና ልጃቸውን ለድሀ ልጅ አይሰጡም። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። በኋላ ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ልትፈልገው ትወጣለች፤ እሱም ወደ እሷ ሲመለስ መንገድ ላይ ወንበዴዎች ያቆስሉታል። የሚገናኙት ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ካለችው ከጎሀ ጽዮን ነው፤ ሰብለ የደረሰችው ግን ሊሞት ሲል ነው።

ይህን መጨረሻ ያወቅነው ገና መጽሐፉን ሳናጋምስ ነው። አንዱ ልጅ ከአባቱ ሰምቶ መጣና በእረፍት ሰዓት አወራው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «እንግዲያው ለምን እናነባለን?» አልን። ይህን ያህል ገጽ አብረነው ተጉዘን፣ ርቦት አዝነን፣ ሲቀጠር ደስ ብሎን፣ መጨረሻ ላይ በማያውቃቸው ወንበዴዎች እጅ ይሙት? ፊታውራሪ ቢገድሉት እንኳ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ጠላቱ ናቸው። ሌሎቻችን ደግሞ እሳቸው ናቸው የገደሉት አልን። ኩራታቸው ባያባርረው ኖሮ በዛብህ በዚያ መንገድ ምን ያደርግ ነበር? ይህ መልስ አሁንም ትክክል ይመስለናል። ያኔ ግን ማንንም አላሳመነም።

መምህራችን በክርክሩ ሳይገቡ ጥቂት ነገር አከሉበት። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም የሚያልቀው በሠርግ ነው አሉን። የአያቶቻችን ተረትም ቢሆን ጀግናውን አይገድልም፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ሁሉም በሰላም ይተኛል። ብሪታኒያዊው ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ከገደል ፏፏቴ ላይ ቢጥለው አንባቢ እጅግ ተቆጣ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ «አልሞተም ነበር» ብሎ መለሰው። ይህን ስንሰማ «ይኖራል» ባዮቹ ጠረጴዛ መታን።

አንድ የክፍል ጓደኛችን ነገሩን ለሰፈሩ ባለ ሱቅ አጫወተው። አዴር (ትልቅ ሰው ስለሆነ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው) በሱማሊኛ እየሳቀ «የእናንተ በዛብህ የእኛ ዒልሚ ቦዳሪ ነዋ» አለው። ዒልሚ በርበራ ውስጥ ዳቦ ቤት ይሠራ የነበረ፣ ሆደን የምትባል ልጅ ወድዶ ብዙ ግጥም የገጠመላት፣ እሷ ሌላ ሰው ስታገባ በፍቅሯ ሞተ የሚባልለት ሰው ነው። ዒልሚ እንደ በዛብህ የተፈጠረ ሰው አይደለም፤ በእርግጥ የኖረ ነው። አዴር የሚለው ግን ይሄ ነው፦ «ሆደንን አግብቶ ቢሆን ዳቦ ጋጋሪ ሆኖ ይቀር ነበር። ማን ያውቀው ነበር?» «ይሞታል» ባዮቹ በተራችን ጠረጴዛ መታን።

ከወላጆች መካከል አንድ አባት ክፍላችን መጥተው ስለ ራሳቸው ልጅነት ነገሩን። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ሁሉ በእሳቸው ቤት ይሰበሰብ ነበር። በዛብህ የሞተ ዕለት እናታቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱና ጎረቤትም ምንም እንዳልመሰለው አሁንም ያስታውሳሉ። እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ጭቅጭቁ አላልቅ ሲል መምህራችን የቤት ሥራ ሰጡን፦ መጨረሻውን እንደምትፈልጉት አድርጋችሁ ጻፉ። ሰኞ ዕለት ወረቀቶቹን ሰብስበው አነበቡልን። እውነቱን ለመናገር በዛብህን ያዳነው ሁሉ አበላሽቶታል። በአንዱ ወረቀት ወንበዴዎቹን ብቻውን ደበደባቸው፤ ከዚያ በፊት በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ሲደበድብ አይተነው አናውቅም። በሌላው ፊታውራሪ በአንድ ሌሊት ጸባያቸው ተለውጦ ሠርጉን ራሳቸው ደገሱ። በሦስተኛው ሁለቱ ሀርጌሳ መጥተው ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ይህን በጣም ወደድነው፣ ግን ጉዱ ካሣ የእንጀራ ዋጋ ሲያስላ የሚታይበት ልብ ወለድ ሆነ። አንዱ ደግሞ ለበዛብህ ሞባይል ሰጠው። እሱም ቢሆን ሸለቆው ውስጥ ኔትዎርክ የለም ተባለና ሞተ።

ከሁሉ አጭሩ ወረቀት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ይሙት። ግን ሰብለ ትድረስ።»

የጻፈችው ልጅ በክርክሩ ሁሉ አንድ ቃል ያልተናገረች ናት። ስሟን እንዳንጽፍ ስለጠየቀችን አንጽፍም። መምህራችን ምን ማለቷ እንደሆነ ሲጠይቋት «ደራሲው እኮ እንዳይገናኙ ማድረግ ይችል ነበር» አለች። ሰብለ አዲስ አበባ ገብታ ልትፈልገው፣ በዛብህ በማያውቀው መንደር ተቀብሮ፣ ማንም ሳይነግራት ልትቀር ትችል ነበር። አንዱ ከሌላው ሳይተያይ ቢተላለፉስ? የእሷ ወንድም ከሦስት ዓመት በፊት በታህሪብ ወጥቷል። መጨረሻ የደወለው ከሱዳን ነው። እናቷ ስልኳን ከጎኗ ሳታደርግ አትተኛም።

ወንድሟ መሄዱን ብዙዎቻችን እናውቅ ነበር። እዚህ ከተማ ሰው በታህሪብ ያልሄደበት ሰፈር የለም፤ የሄደውም ሱማሌ ብቻ አይደለም። ከመጽሐፉ ጋር ግን አገናኝተነው አናውቅም። እኛ ስለ በዛብህ ሞት ስንጮህ እሷ የሰማችው ስለ መድረስና አለመድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ስናነብ ጎሀ ጽዮን ሌላ ቦታ ሆነችብን። በዛብህ ይሞታል፤ ነገር ግን ፊቷን አይቶ ይሞታል። እሷም መቃብሩን ታውቃለች፤ መንኩሳ እዚያው ትቀራለች። የመጽሐፉ ስም ራሱ መቃብር ያለበት መሆኑን ከዚያ በፊት ልብ ብለነው አናውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን መምህራችን ስለ በዓሉ ግርማ ነገሩን። በዓሉ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ዋናውን ሰው ፀጋዬን አይገድለውም፤ የምትሞተው ፊያሜታ ናት። መጽሐፉ ታገደ። ራሱ በዓሉ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ቤተሰቡ የሚቆምበት መቃብር የለም። ስለ ጀግኖች ሞት ስንከራከር ደራሲውን የምንጠይቀው አንድ ሌላ ጥያቄም አለን ማለት ነው፦ ሞቶስ ከሆነ፣ ማን አየው?

ሁላችንም ተስማማን ማለት አይደለም። ከኋላ የሚቀመጡት ሦስቱ እስካሁን በዛብህ መኖር ነበረበት ይላሉ፤ ምግብ ቤቱንም አልተዉትም።

የጎሀ ጽዮንን ምዕራፍ ያነበበችልን ያቺው ልጅ ናት፤ ራሷ ጠይቃ። አልቆመችም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ውሃ ጠጣች። ከዚያ መጽሐፉን ለእናቷ ላንብብላት ብላ ለሳምንት ወሰደችው። ሲመለስ ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሰብለ ገና መንገድ ላይ ሳለች፣ የታጠፈ የስልክ ካርድ ገጾቹ መካከል ተሰክቶ ነበር። «እስከዚህ ድረስ ነው ያነበብኩላት» አለችን። «ከዚህ በኋላ ያለውን አልፈልግም፣ ትሂድ አለችኝ።»