ስለ አውቶሞቢል የጧት አነሣሥ፤ ከጎንደር እስከ ስሜን ደጋ

ጎንደር ከተማ በዐፄ ፋሲል ዘመን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ብዙ ዘመን ሙሉ ወደ እርስዋ የሚመጣውም ከእርስዋ የሚወጣውም መንገደኛ የሚጓዘው በበቅሎ ወይም በፈረስ፣ አለዚያም በእግሩ ነበር። ዛሬ ግን በግንቡ አጥር ሥር አልፎ ወደ አዘዞም ሆነ ወደ ደባርቅ የሚያደርሰው አውቶሞቢል ነው። መጓጓዣው ይለወጥ እንጂ የደጋው ጧት እንደ ጥንቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ያለ ደመና ስለሚያድር ምድሪቱ በቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት ታጣለች፤ በስሜን ከፍታዎችም ላይ ውርጭ ይወርዳል። በእንደዚህ ያለ ጧት አስተዋይ ሰው በቅሎውን ከጋጣ እንዳወጣ አይጋልባትም፤ ሰውነትዋ እስኪፍታታ ድረስ ቀስ አድርጎ ያስኬዳታል። ለበቅሎ የሚደረገው ይህ ርኅራኄ ለሞተርም የተገባ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ካርቡራተር ያለው አውቶሞቢል፣ ይልቁንም ለፍጥነት የተሠራው፣ በደጋ ብርድ እንዴት ባለ ልክና ትዕግሥት እንደሚነሣ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አሰብን። አዲሶቹ አውቶሞቢሎች የቤንዚናቸውን ልክ በራሳቸው መሣሪያ ስለሚመጥኑ ነጂውን ብዙ አያስቸግሩትም። ነገር ግን በአገራችን ከተሞች በካርቡራተር የሚሠሩ ፎልክስዋገንና ላዳ ገና ይታያሉ። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ ሞተር ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ቤተ ሰብ ትልቅ ነገር ሆኗል።

ካርቡራተር ማለት ቤንዚንን እንደ ጭጋግ በትኖ ከአየር ጋር የሚያደባልቅ ዕቃ ነው። ሞተሩ አየር በሚስብበት ጊዜ አየሩ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ያልፋል፤ ከዚያም ፍጥነት የተነሣ ቤንዚኑ ቀጭን ቀዳዳ ባለው ናስ በኩል እየተሳበ ይረጫል። ሙቀት ያገኘ ሞተር በሚዛን ለ1 እጅ ቤንዚን 15 እጅ ያህል አየር ይበቃዋል። በቀዘቀዘ ጊዜ ግን ከተረጨው ቤንዚን የሚበዛው ወደ እንፋሎት ሳይለወጥ በቀዝቃዛው ቧንቧ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰውም እንፋሎት ለካንዴላው ብልጭታ አይበቃም። የአየር መዝጊያው የተሠራው ለዚህ ነው፤ የአየሩን በር አጥብቦ ሞተሩ ቤንዚን አብዝቶ እንዲስብ ያደርገዋል። ከፊያት 124 አምሳል የወጣችው ላዳ የአየር መዝጊያዋ በእጅ የሚሳብ ነው። በኋለኛው ዘመን የተሠራችው ፎልክስዋገን መዝጊያዋ በራሱ የሚዘጋ ሲሆን፣ ነጂው ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ቤንዚን መስጫውን 1 ጊዜ ካልረገጠ በቦታው አይቀመጥም።

ለፍጥነት የተሠራው ሞተር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እንደ አልፋ ሮሜዮ ባሉ የጣልያን ፈጣን አውቶሞቢሎች በብዙዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ጉሮሮ ያላቸው ሁለት ካርቡራተሮች ይገጠማሉ፤ ለ4ቱ ሲሊንደሮች ለየራሳቸው አንዳንድ ጉሮሮ ይደርሳቸዋል ማለት ነው። በዚህ ሥራ እጅግ የታወቀው ኤድዋርዶ ዌበር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. በቦሎኛ ከተማ የመሠረተው ፋብሪካ ነው። ጉሮሮው ሰፊ ስለ ሆነ ሞተሪኖው ሞተሩን ቀስ ብሎ በሚያዞርበት ጊዜ የአየሩ ፍጥነት ደካማ ነው፤ ቤንዚኑንም አጥብቆ አይስበውም። በካርቡራተሩ ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ፓምፕ አለች፤ ነጂው ቤንዚን መስጫውን በረገጠ ቍጥር ጥቂት ቤንዚን ወደ ጉሮሮው ትረጫለች። ብዙዎች ባለ ሙያዎች እንዲህ ያለውን ሞተር በብርድ ጊዜ የሚያስነሡት በዚህችው ፓምፕ ነው።

እስካሁን የተናገርነው በቆላም በደጋም አንድ ነው። የጎንደርንና የስሜንን አገር ልዩ የሚያደርገው ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በዚያም የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ100 እጅ 77 እጅ ያህል ነው። በደባርቅ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ስለማያንስ ግፊቱ ወደ 71 እጅ ይወርዳል፤ ከጨነቅ በላይ በቧሂት አጠገብ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚያልፍበት ስፍራ ደግሞ 60 እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። አየሩ ሲሳሳ የናሱ ቀዳዳ አብሮ አይጠብም፤ ስለዚህ ቤንዚኑ አየሩ የቀነሰውን ያህል ሳይቀንስ ይቀርና ድብልቁ ይወፍራል። እንግዲህ ብርዱ ቤንዚን ጨምሩልኝ ሲል ከፍታው ቀንሱልኝ ይላል። በቆላ የለመደውን ያህል ፔዳሉን 6 ጊዜና 7 ጊዜ የሚረግጥ ነጂ በደባርቅ ጧት ሞተሩን በቤንዚን ያፍነዋል። ሞተሩም እንቢ ባለው መጠን እርሱ ይጨምርለታል፤ በመጨረሻም ባትሪው ይደክማል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የተባለው በእርሱ ደረሰ ማለት ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ይህን ሁሉ ያስተምራል። ከተማውን ለቅቀን ወደ ኮሶዬ ስንወጣ በስተ ግራና በስተ ቀኝ የገብስ ማሳና የባሕር ዛፍ ይታያል፤ ከኮሶዬ ጠርዝ ላይም ቆላው እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ሆኖ ይታያል። ከዚያም በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል አልፈን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ደባርቅ ገባን። በየከተማው ሰው ጋቢውን ደርቦ በፀሐይ ይሞቃል፤ አውቶሞቢሉም ዳገቱን ሲወጣ ጉልበቱ ጥቂት በጥቂት እንደሚቀንስ በግልጽ ይታወቃል። በደባርቅ ያደረ መንገደኛ አውቶሞቢሉን፣ ስፍራ ቢያገኝ፣ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ፣ ጎማውንም በድንጋይ ደግፎ ያቆመዋል። ባትሪው ቢደክም ድንጋዩን አንሥቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ በቁልቁለቱ እየወረደ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ሲለቅ ሞተሩ ይነሣለታልና።

ጧት 12 ሰዓት ላይ ለመነሣት ያሰበ ሰው ይህን ሥርዐት ቢጠብቅ ይጠቀማል። አስቀድሞ ዘይቱንና ውሃውን ይመልከት፤ የባትሪው ማሠሪያ አለመላላቱን ያረጋግጥ፤ መብራቱንም ሁሉ ያጥፋ። ቀጥሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ፍሪሲዮኑን ይርገጥ፤ በማርሹ ሣጥን ውስጥ ያለው ዘይት በብርድ ስለ ወፈረ ሞተሪኖው እርሱንም ጭምር እንዳያዞር ነው። አውቶሞቢሉ ብዙ ቀን ቆሞ እንደ ሆነ በካርቡራተሩ ጽዋ ያለው ቤንዚን ተንኖ ያልቃል፤ ስለዚህ ፓምፑ ጽዋውን እስኪሞላው ድረስ ፔዳሉን ሳይነኩ ሞተሪኖውን ጥቂት ማዞር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚሳብ መዝጊያ ያለው መዝጊያውን ይሳብ፤ ባለ ሰፊ ጉሮሮው ፈጣን አውቶሞቢል ደግሞ ፔዳሉ በዝግታ 2 ጊዜ፣ ቢበዛ 3 ጊዜ ይረገጥ። ሞተሪኖውን ከ10 ሴኮንድ በላይ አያዙሩት፤ እንቢ ካለም ግማሽ ደቂቃ ያህል ያሳርፉት።

ሞተሩ እንደ ተነሣ ማስጮኽ ክፉ ልማድ ነው። ሌሊቱን ወደ ታች የወረደው ዘይት ሞተሩን ሁሉ እስኪያዳርስ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ማስጮኽ ብረትን በብረት ማሸት ነው። ያለ ልክ የበዛ ቤንዚንም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል። ስለዚህ ሞተሩ ከተለመደው ጥቂት ፈጠን ብሎ እንዲዞር አድርጎ መቆየት፣ የአየር መዝጊያውንም እየተሰማው ቀስ በቀስ መመለስ፣ ከ1 ደቂቃ ያህል በኋላም በእርጋታ መንዳት ይበቃል። ቆሞ ብዙ ከመቆየት በእርጋታ እየሄዱ ማሞቅ ይሻላል። ከጭስ መውጫው ነጭ እንፋሎት በመጀመሪያ ቢታይ የሌሊቱ ጤዛ ነው፤ ጥቁር ጭስ ሳያቋርጥ ቢወጣ ግን ቤንዚኑ እንደ በዛ ምልክት ነው።

ሞተሩ በቤንዚን ቢታፈን ሽታው ራሱ ይናገራል። በዚያን ጊዜ የአየር መዝጊያውን ፈጽሞ መመለስ፣ ፔዳሉንም ሳያነሡና ሳይደጋግሙ እስከ መጨረሻው ረግጦ ይዞ ሞተሪኖውን ማዞር ነው፤ ብዙ አየር ገብቶ ትርፉን ቤንዚን ያወጣዋል። ይህም ካልሆነ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ማድረቅ ነው።

በዚህ ነገር ከነጂው ይልቅ ባለቤቱ የሚወቀስበት ጊዜ አለ። ጌታው ካባውን ደርቦ ከደጅ ብቅ ሲል ሞተሩ ወዲያው እንዲሮጥ ቢያዝ፣ ነጂው ሙያውን እያወቀ ሊያፈርሰው ይገደዳል። በቀጠሮው ላይ ሩብ ሰዓት መጨመር ምንም አያስወጣም፤ የሞተር ማደሻ ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሕይወት ነገር ነው። በደባርቅ ያሳደሩን አንዲት እመት ማታ የከሰሉን ምድጃ በደጅ አቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ፍሙ በደንብ ሳይግል ወደ ቤት አይገባም፤ ሰው ያፍናል» አሉን። እኛም «እሺ እማማ» ብለን ከደጅ ጠበቅን። ከከሰል የሚወጣው፣ ሽታም መልክም የሌለው ገዳይ አየር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ የጋለ ፍምም ቢሆን ስለማያቆመው ምድጃውን በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ማሳደር ከቶ አይገባም። ይኸው አየር ከአውቶሞቢል ጭስ መውጫ ይወጣል፤ ይልቁንም ሞተሩ ቀዝቅዞ ቤንዚኑ በበዛ ጊዜ ይበረታል። የሰው ደም ከንጹሕ አየር ይልቅ እርሱን አጥብቆ ይይዛል፤ በደጋም አየሩ ራሱ የሳሳ ስለ ሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። እንግዲህ ብርድን ፈርቶ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ ይልቁንም ልጆች ከሚተኙበት ክፍል አጠገብ፣ ሞተር ማሞቅ ከቶ አይገባም። አውቶሞቢሉ አስቀድሞ ወደ ደጅ ተገፍቶ ይውጣ።

እንደዚሁም ቤንዚን በኩባያ ይዞ በካርቡራተሩ አፍ የሚያፈስ ሰው አለ። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢተፋ ነበልባሉ በካርቡራተሩ በኩል ይወጣል፤ ኩባያ የያዘውንም እጅ ያገኛል። የአየር ማጣሪያው በቦታው ቢቀመጥ ነበልባሉን ያግደዋል። ከሞተሩም ሥር ፍም ማኖር እንዲሁ የእሳት መንገድ ነው።

ከደባርቅ ብዙም ሳይርቅ ሊማሊሞ አለ። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከጎንደር ወደ አስመራ የሠሩት መንገድ በወልከፊት በኩል ወደዚህ ገደል ይወርዳል። በወልከፊት መሽጎ የነበረው ጦራቸው በ1934 ዓ.ም. መስከረም ወር እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በዚያው ዓመት በኅዳር ነጻ ወጣች። እነርሱ ሄዱ፤ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላቸው ግን በየጋራዡ ቀረ። ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ከማደሪያው ተነሥቶ ሞተሩ ሳይሞቅ ከቁልቁለቱ አፍ ይደርሳል። ሞተሩ በብርድ እየተንተባተበ በመታጠፊያው ላይ ቢጠፋ፣ ፍሬኑ በሞተሩ ሳቢነት የሚታገዝ አውቶሞቢል ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ ከጠርዙ በፊት በሜዳው ላይ ቆሞ ሞተሩ ያለ አየር መዝጊያ ረግቶ መዞሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ወደ ሳንካበርና ወደ ጨነቅ የወጣ ደግሞ ሌላ ይመለከታል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚኖሩት ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ ላይ ያድራሉ፤ ጧት ወደ ሜዳው ሲወጡም ወዲያው ወደ ግጦሽ አይሠማሩም፤ አስቀድመው በፀሐይ ተቀምጠው ይሞቃሉ። በዚያ ከፍታ የሚያድር ሰው የአየር መዝጊያውን ከደባርቁም ባነሰ ጊዜ ይመልስ፤ ፔዳሉንም 1 ጊዜ ብቻ ረግጦ ይሞክር። ብዙ ወራት በዚያ የሚቀመጥ ከሆነም ባለ ሙያ ጠርቶ ቀዳዳው የጠበበ ናስ ያስገጥም። የራዲያተሩ ውሃ ሌሊት እንዳይረጋ ያስጠብቅ፤ ሞተሩ በጋለ ጊዜም ክዳኑን አይክፈት፤ ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በደባርቅ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። ወደ ቆላ በተመለሰ ጊዜ ግን የቀድሞው ናስ እንዲመለስ ማድረግን አይርሳ፤ በጠባቡ ናስ በቆላ መሮጥ ሞተሩን ያግለዋልና።