ከነነዌ እስከ ሁዳዴ

የካቲት 3፣ 2017፤ ሰኞ

እማዬ ከጎንደር ደወለች። ኔትወርክ ከአራት ቀን በኋላ ዛሬ መጣላቸው። ጾመ ነነዌ ገብቷል፤ «እንዳትረሳ ልጄ» አለችኝ። አልረሳሁም አልኳት። እጾማለሁ አላልኳትም፤ አልጾምም አላልኳትም። አምስት ዓመት በእንዲህ ዓይነት መልስ ኖረናል።

ሌሊት በምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ትንሿ ክፍል ቁጭ ብዬ ትንቢተ ዮናስን አነበብኩ። አይሁድ በዮም ኪፑር ከሰዓት በኋላ ያነቡታል። እኛ ቤት በነነዌ። አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ጾም። ልጅ ሳለሁ የሚታየኝ አሣ ነባሪው ብቻ ነበር። አሁን የሚታየኝ የነነዌ ሰው ነው። ዮናስ ተገረዙ አላላቸውም። ሰንበት ጠብቁ፣ ኢየሩሳሌም ውጡ አላላቸውም። የተመለሱት በእጃቸው ከነበረው ግፍ ነው። ዕብራይስጡ «ሐማስ» ይለዋል፤ በኖኅ ዘመን ምድርን የሞላትም ይኸው ነው። አንዳንዱ ሰው ቃሉን ከጋዛው ቡድን ዓረብኛ ስም ጋር አገጣጥሞ ትንቢት ያደርገዋል። ያኛው ምሕጻረ ቃል ነው፤ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ትርጉም። ደስ አይለኝም። የአይሁድ ጠቢባን በዚህ ቃል ውስጥ ያዩት ዝርፊያን ነው። የኖኅ ዘመን ትውልድ ብዙ ኃጢአት ነበረበት፤ ፍርዱ የታተመው ግን በዝርፊያ ነው ይላሉ።

ለምን ዝርፊያ? ገና አልገባኝም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

በረዶ። የምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ነጭ ሆና አደረች። ሌሊቱን ሙሉ የገባው ዘጠኝ መኪና ብቻ። መወጣጫው ላይ ጨው ስበትን ጣቶቼ ደነዘዙ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የቤተሰቡ ዋትሳፕ ጮኸ። የአክስቴን ልጅ አግተውታል። የሚነዳውን ሚኒባስ አስቆሙት፣ ተሳፋሪውን አወረዱ፣ እሱንና ረዳቱን ይዘው ጫካ ገቡ። ስድስት መቶ ሺህ ብር ጠይቀዋል።

አጋች። ታጋች። እገታ። ከዓመት በላይ ስለ ጋዛ ሳነበው የቆየሁት ቃል። ስለ አገሬ መንገዶችም ሰምቼው ነበር፤ ግን እንደዚያኛው ቁጭ ብዬ አላነበብኩትም። ለምን?

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ትምህርት ማታ። ራቢው በየሐሙሱ በዙም ያስተምረናል። ከየአገሩ የተሰባሰብን የኖኅ ልጆች ነን፤ አይሁድ ያልሆንን፣ ለመሆንም ያልጠየቅን፣ ሰባቱን ሕግጋት ለመጠበቅ ቃል የገባን። ዛሬ ሽባጥ 15፣ የዛፎች አዲስ ዓመት። በመስኮቴ የሚታየው ዛፍ በረዶ ተሸክሟል።

የሳምንቱ ምንባብ «ዮቶር» ነው። ዐሠርቱ ትእዛዛት ያሉበት ምንባብ በአንድ የምድያም ካህን ስም መጠራቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ፣ ዳኞች ሹም ያለው እሱ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው።

ቀጥሎ «አትስረቅ» ላይ ደረስን። በታልሙዱ ሳንሄድሪን እንደተጻፈው ይህ ትእዛዝ ሰው መስረቅን ነው የሚከለክለው። ከጎኑ ያሉት ነፍስ መግደልና ማመንዘር ሞት የሚያስፈርዱ ናቸው፤ እሱም እንደ ጎረቤቶቹ ይተረጎማል። የንብረቱ ስርቆት ዘሌዋውያን ውስጥ ለብቻው አለ። የሕጉ ሊቅ ራምባምም የኖኅ ልጅ ገንዘብ ቢሰርቅም ሰው ቢሰርቅም በዚያው በስርቆት ሕግ ይጠየቃል ይላል።

እገታ ስርቆት ነው። ሰው የሚያህል ስርቆት። የሰኞው ጥያቄዬ በዚህ በኩል ይሆን መልሱ?

ማይኩን ዘግቼ ቆየሁ። ስለ አክስቴ ልጅ ለመናገር እጄን ማንሣት አቃተኝ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሦስት ታጋቾች ከጋዛ ወጡ። በልዋጩ 369 እስረኞች። ሥዕሉን አየሁት፤ መድረክ፣ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች፣ መሐላቸው የገረጡ ሦስት ወንዶች።

እማዬ ቅዳሜ አትፈጭም፤ ቀዳም ሰንበት ነው፣ ከአያቷ የወረሰችው። እኔ ደግሞ ሰንበትን እንደ እስራኤል ማረፍ ለኖኅ ልጅ እንዳልተሰጠ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አንድ መብራት ሆን ብዬ አበራለሁ። ቀን በሄደ ቁጥር ማብሪያው ይከብደኛል። ወደ ኦሪት ስቀርብ ከእናቴ ሰንበት ራቅኩ። ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

የካቲት 10፣ ሰኞ

መዋጮው ተጀመረ። አጎቴ ከዳላስ፣ እህቴ ከዱባይ፣ እኔ። አጎቴ «ዛሬ ከከፈልን ነገ ሌላውን ይወስዳሉ» ብሎ ጻፈ። አክስቴ በድምፅ መለሰችለት። «ወንድሜ፣ አንተ ስለ ነገ ታስባለህ፤ እኔ ልጄ ዛሬ ማታ ምን ለብሶ እንደሚያድር ነው የማስበው።» ከዚያ ልቅሶ። ከዚያ ማንም አልጻፈም።

አጎቴ የአይሁድን የሕግ መጽሐፍ፣ ሚሽናን፣ ሰምቶ አያውቅም። የተናገረው ግን የሚሽናውን ነው። ጊጢን፣ ምዕራፍ 4፤ ምርኮኛ ከዋጋው በላይ አይዋጅ። ታልሙዱ ምክንያቱን ሲፈልግ ሁለት ያገኛል፤ ማኅበሩ በዕዳ እንዳይጎብጥ፣ ወይም ማራኪዎቹ እንዳይለምዱት። ራምባም በበኩሉ ምርኮኛን ከመዋጀት የሚበልጥ ትእዛዝ የለም ይላል። ምርኮኛ የተራበም ነው፣ የተጠማም፣ የታረዘም፣ ሞት አፋፍ ላይ የቆመም። የታልሙዱ ተርጓሚዎች ቶሳፎት ደግሞ ነፍሱ የሚያሰጋ ከሆነ ወሰኑ ይነሣል የሚል አላቸው። የአክስቴ ልጅ ነፍስ ያሰጋል? ማን ያውቃል።

የሮተንበርጉ ራቢ ሜይር በ1293 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ሬሳው እንኳ የተዋጀው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ እንዳይዋጁት የከለከለ ራሱ ነው ይባላል። ታሪኩን ስወደው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ እሱ የከለከለው ስለ ራሱ ነው። ስለ ሌላ ሰው ልጅ አይደለም።

ከሰባቱ ሕግጋት ውስጥ ምርኮኛ ዋጁ የሚል የለም። ፈልጌ ነበር።

ከሥራ ስወጣ ላክኩ። ማታ አጎቴም ላከ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የሰማዕታት ቀን። 1929። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦንብ ወረወሩ፤ ፋሺስቱ ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባን ፈጀ። በሁለት ሰው እጅ ከተማ ተቀጣ።

ይህን እያሰብኩ ራምባምን መክፈት አልነበረብኝም። የሴኬም ሰዎች ለምን ተገደሉ ለሚለው እሱ የሚሰጠው መልስ፦ ሴኬም የያዕቆብን ሴት ልጅ ሰረቀ፣ እነሱ አዩ፣ አወቁ፣ አልፈረዱበትም። ከሰባቱ ሕግጋት አንዱ ዳኞችን አቁሙ ነውና፣ ባለማቆማቸው ተጠየቁ። ሌላው ሊቅ ራምባን አይቀበለውም። እንዲህ ከሆነ አባታቸው ያዕቆብ ስምዖንና ሌዊን ለምን ተቆጣ፣ በሞቱስ ጊዜ ቁጣቸውን ለምን ረገመ? ብሎ ይሟገታል።

ከራምባን ጋር ነኝ። ወይም መሆን እፈልጋለሁ። ጋዛ ውስጥ ከፍርስራሽ ሥር የሚወጡትን ሕፃናት ሳይ የራምባም ቃል አይዋጥልኝም። ሕፃን ምን ዓይነት ዳኛ ሊያቆም ነበር? ለኖኅ የተነገረው የሰው ደም ሕግ፣ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ስለ ተሠራ ነው ይላል። የአንድ ሕዝብ ሰው አላለም።

ግን ያ «አዩ፣ አወቁ» የሚለው አለቀቀኝም። ስለ ጎንደር መንገድ ስንት ጊዜ አየሁ፣ አወቅኩ?

የካቲት 13፣ ሐሙስ

አራት የሬሳ ሣጥን ከጋዛ። አሪኤል ቢባስና ክፊር ቢባስ። ክፊር ሲወሰድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ትምህርት አልገባሁም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አበራ መንግሥቱ ወጣ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል በስልኬ አየሁት። ራፋህ። ሁለት ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች መሐል፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ ወዴት እንደሚያይ የማይታወቅ። ጳጉሜን 2፣ 2006 ነበር ከአሽኬሎን ወደ ባሕሩ ዳር ሄዶ አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ የገባው። አእምሮው የታመመ የአገሬ ልጅ። ከአሥር ዓመት በላይ። ማንም ወሮ አልወሰደውም፤ በእግሩ ገባ፣ ያዙት። ፎቶው በየአደባባዩ ያልተሰቀለባቸው ስንት ዓመታት! ቤተሰቡ ልጃችን የተረሳው ጥቁር ስለሆነ ነው ሲሉ ኖረዋል። እናቱን በቴሌቪዥን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ነጠላዋ፣ አነጋገሯ፣ እጇን አገጯ ላይ የምታኖርበት መንገድ። የእናቴ ነው።

ዛሬ ስድስት ናቸው። አንዱ ሂሻም አል ሰይድ፣ ቤዱዊን፣ ሙስሊም፣ እሱም ሕመምተኛ፤ ከ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ የተያዘ። እሱን ያለ መድረክ አስረከቡት።

የዛሬው ምንባብ «ፍርዶች» ነው። ሰው የሰረቀ፣ ቢሸጠውም በእጁም ቢገኝ፣ ሞት ይፈረድበታል የሚለው እዚህ ነው። የጠላትህ አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታየው አግዘው የሚለውም እዚሁ ነው። ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን። እንዴት አድርጎ አንድ ልብ ሁለቱን ይይዛል?

አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጣሁ። ብርዱ ይቆርጣል፣ ፀሐይ ግን አለ። ኬምፕ ሚል ጋ ስደርስ ሽማግሌው ጎረቤቴ ታሊታቸውን፣ የጸሎት መጎናጸፊያቸውን፣ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ምኩራብ ሲሄዱ አገኘኋቸው። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ስልክ አልነኩም። ምንም አያውቁም። መንገዱ ላይ ያለነው ሁለታችን ብቻ፤ የሚያውቀው እኔ። አልጠየቁኝም። በሰንበት ጠይቀው አያውቁም። ዝም ብዬ ላልፋቸው ነበር፤ ምናልባት መናገር ሰንበታቸውን መንካት ይሆን ብዬ። ከዚያ «ስድስቱም ወጥተዋል» አልኳቸው።

ቆሙ። ጓንት ባደረገ እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ቆይተው «ያንተም አገር ልጅ?» አሉኝ። እሱም አልኳቸው። «ስሙን እባክህ። ስሙን አስተካክለህ በለው።» አበራ አልኳቸው፤ የሚያበራ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ደጋገሙት። እያሉት ሄዱ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ። ጓደኞቼ ሥጋ ቤት ጠሩኝ፤ ከነገ ጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን የለም። ቁርጥ በላሁ። እዚህ ችግር የለውም፤ በሬው ከሞተ ቆይቷል። ጎንደር ሳለሁ ግን ታርዶ ወዲያው፣ ሥጋው እጅ ላይ እየተንቀጠቀጠ እንበላ ነበር። ለኖኅ ልጅ በሬው እስኪረጋ ድረስ አይፈቀድም፤ ከሕያው እንደ መቁረጥ ነው። ያኔ አላውቅም ነበር። ነፍሱ ሙሉ በሙሉ እስክትወጣ መታገሥ። ትንሽ ሕግ ትመስላለች፤ ትንሽ አይደለችም።

ገንዘቡ ደርሷል። አልለቀቁትም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። እማዬ ከቅዳሴ መልስ ደወለች። ለአክስቴ ልጅ ኪዳነ ምሕረት ተስላለች። ምን ልበላት? ሥዕሉ፣ ሻማው፣ ስለቱ። ለአሕዛብ ይህ ምን ያህል እንደሚፈቀድ በሊቃውንቱ ዘንድ ክርክር አለ፤ ራምባም ጠንካራ ነው፣ ሌሎች ይለዝባሉ። ራቢው «እናትህን አክብር፤ እሷን መፍረድ ሥራህ አይደለም» ብሎኛል። ፍርድ ሁሉ ግን የማን ሥራ ነው? ስልኩን ዘግቼ በእንጀራ ምስር ወጥ በላሁ። ጾም ይሁን ራት፣ አላውቅም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሁለት መቶ ሺህ ጨምሩ አሉ። አጎቴ «ብዬ ነበር» አላለም። ላከ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ተለቀቀ። ዛሬ ንጋት ላይ በእግሩ መጣ። እማዬ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ ከኔትወርኩ ይሁን ከልቅሶዋ አልለየሁትም። ውኃ ጠየቀ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ። እግሩ ቆስሏል። ምንም አላወራም። አክስቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትንፋሹን ትቆጥራለች።

ወንበሬ ላይ ራሴን ደፍቼ ቆየሁ። መኪና ገብቶ ጡሩንባ እስኪነፋብኝ ድረስ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ደግማ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ልጄ፣ ረዳቱ እኮ እዚያው ነው።»

ረዳቱ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አንድም ጊዜ አላነሣነውም። መልእክቶቹን ወደ ላይ እየሄድኩ አየሁ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ከነበረው ረቡዕ ጀምሮ ማንም አልጻፈውም። እኔም በዚህ ደብተር አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ «እሱንና ረዳቱን»።

«አባት የለውም፤ እናቱ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችው» አለች እማዬ። «ለእሱ ሦስት መቶ ሺህ ብለዋል። ለአጎትህ ንገርልኝ። ባይሆን አንተ።»

«ስሙ ማነው?» አልኳት።

ዝም አለች።

«ረዳቱ ነው የምንለው። ቆይ፣ እናቱን ጠይቄ እደውልልሃለሁ።»