መጫንና ማራገፍ ኮምፒውተር ይጎዳል ወይ?

እዚህ ኸሽም ኤል ቂርባም ሆነ ገዳሪፍ፣ ላፕቶፕ ሲዘገይ የሚሰጠን ምክንያት አንድ ነው፤ «ፕሮግራም እየጫናችሁ እያወጣችሁ ገደላችሁት»። ከዚያ ፎርማት ይደረጋል፣ ይከፈላል፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ነው። ደግመን ከመክፈላችን በፊት ነገሩን ብንለየው ይበጀናል።

መጫንና ማራገፍ በራሱ ዕቃውን አያደክመውም። 250 ጊጋባይት ገደማ የሚይዙ ኤስኤስዲዎች ዋስትናቸው ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 150 ቴራባይት ዳታ እስኪጻፍባቸው ነው። በየቀኑ 2 ጊጋባይት ብንጭን በ10 ዓመት 7.3 ቴራባይት ቢሆን ነው። ሒሳብ ለኛ ለነጋዴዎች አይከብድም።

የሚያዘገየው የሚቀረው ነው። ፕሮግራም ሲወጣ እንደ ተከራይ ነው፤ ትርኪ ምርኪውን ትቶ ይሄዳል። በፎልደርና በሬጅስትሪ የሚቀረው ቦታ ከመያዝ በቀር ብዙ አይጎዳም። ክፉው ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ የሚነሳው ነው፤ በተለይ አሮጌው አንቲቫይረስ በደንብ ሳይወጣ አዲስ ሲጫንበት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን፣ ስታርትአፕ በሚለው ሥር የማንፈልገውን ማጥፋት እንችላለን። ይህ በነጻ ነው። መብራት እንደልብ በሌለበት አገር ደግሞ ባትሪው ሳይሞላ መጫን አይመከርም፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ፕሮግራሙ ሳይጫንም ሳይወጣም ይቀራል።

ለኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ግን ከመዘግየት የባሰ አለ። አንድ ጠጋኝ «ማሽኑ ከብዶታል» ብሎ የማያውቀውን ሁሉ ሲያወጣ የድሮውን የግዕዝ መጻፊያ ከነፎንቱ አወጣው። የዱቤ መዝገባችንን ስንከፍት የሰዎቹ ስም የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ጠበቀን። ገንዘቡ በሌላ ፎንት ስለተጻፈ እንዳለ ነው። ዕዳው አለ፣ ባለዕዳው የለም! የሦስት ዓመት ዱቤ ነው፤ ግማሹ ሰው በጦርነቱ ከገዳሪፍ ወዲያ ተበትኗል።

ፋይሉ ግን አልተበላሸም ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጻፊያዎች በላቲን ፊደል ቦታ የኛን ፊደል የሚስሉ ፎንቶች ነበሩ፤ ብዙዎቻችንም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በነሱ ጽፈናል። ፎንቱ ሲወጣ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ይህ አይደርስበትም፤ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ፎንት ይዞ ይመጣል።

ጎንደር ያለች እህታችን ፎንቱን በቴሌግራም ላከችልን፤ ኔትወርክ በተገኘ ቀን ወረደ፣ ስሞቹም ተመለሱ። አሁን መዝገቡ በዩኒኮድ ተገልብጦ በፍላሽም በወረቀትም አለ። ጠጋኙ ግን የጽዳቱን ሒሳብ ዛሬም ይጠይቀናል።